እግረ ርጥብ

ድሬዳዋ ሳለሁ ፍሪጅ ነው የምጠግን፣
ሰው በሙቀት ሲነድ እኔን ነው የሚለምን።
“አቦ ድረስልን፣ ውኃው ፈላ!” ሲሉኝ
ኮራ ብዬ ነበር፣ “ቆይ፣ ተሰለፉልኝ።”
ሚስቴ አትጠገብ፣ ነርስ ናት፣ ዝውውር ደረሳት፣
ጎንደር ናት አገሯ፣ ደስታው አላስተኛት።
ሻንጣ ስንሸክፍ ግን ማንም አልነገረኝ
ፍሪጅ ውስጥ እንደሆነ ቤት የሚጠብቀኝ።

ሰኔ ሃያ ገባን። ከአዘዞ ሽቅብ ሳይ
ከተማ የለም፣ ተራራ የለም፣ የለም ሰማይ።
“ጎንደር የት ነው?” ብለው፣ ሾፌሩ በእጁ
ጉሙን ጠቆመኝ፦ “ይኸው እኮ ደጁ።”
ዕቃ ስናወርድ፣ ጠዋት ነው ወይስ ማታ፣
መለየት አቃተኝ፣ ሰዓቴን ብመታ፣ ብመታ።
አከራያችን እማማ ጥሩአየሁ ወጡና
“እግረ ርጥብ ነህ!” አሉኝ፣ ፈገግ አሉና።
ካልሲዬን አየሁት፤ እውነታቸውን ነው፣
እየጨመቅሁት ነው “አሜን” ያልኳቸው።

ድሬ ሸሚዝ ሳጥብ፣ ክንዱን ሳላለቀልቅ
አንገቱ ነበረ ቀድሞኝ የሚደርቅ።
እዚህ፣ ሰኞ ያሰጣሁት ሱሪ
ቅዳሜም ያለቅሳል፣ እንደ ልቅሶ አዳሪ።
ጫማዬ አልጋ ሥር ጢም አወጣብኝ፣
ሽማግሌ ሆኖ ሊመክረኝ ይመስል ቀና ብሎ አየኝ።
“እንዴት አደርክ?” ይሉኛል ጎረቤቶቼ፣
“ገና አልደረቅሁም” እላለሁ፣ ጥርሴን አንቀጫቅጬ።
“ጋቢ ድረብ” ብትለኝ አትጠገብ፣ እምቢ አልኩ፣ ለክብር።
ክብር አያሞቅም።
ሐሙስ አንድ ደረብኩ፣
ዓርብ ሁለት አደረግሁት፣ በምስጢር።

አራዳ ጥግ ላይ ሱቅ ቢጤ ከፈትኩ፣
“ፍሪጅ እንጠግናለን” ብዬ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ።
ሐምሌ ሙሉ አንድ ሰው ብቅ አለ፣ አያ ስጦታው፤
ዶፉን ሲሸሽ ኖሯል እግሩ ያስገባው።
ቆቡን አራገፈ፣ ጽሑፉን አነበበና
“ፍሪጅ ያሞቃል ወይ?” ሲል ጠየቀኝ በጽሞና።
“ጀርባው” አልኩት፣ እውነቴን። ሄደና ተደገፈ።
በማግስቱ ወንድሙ መጣ፣ ከዚያ ሰፈሩ ተሰለፈ።
ከግድግዳው ሳብኩት ፍሪጁን፣ በርጩማ ደረደርኩ ከኋላው፤
ደንበኛ አይደሉም፣ ጀርባ አሟቂዎች ናቸው፣ ምን ልበላቸው?
የሚከፍሉኝ ወሬ ነው፣ እሱንም በዱቤ፤
መብራት በጠፋ ቁጥር እኔን ነው የሚገላምጡኝ፣ እያቀረቀርኩ አንገቴን ሰብሬ።

ነሐሴ መባቻ ሸምሱ ደወለልኝ፣ ከከዚራ፦
“አቦ ነደድን! አስፋልቱ ጫማ ይዞ ይቀራል፣ ምን ልሥራ?”
በምቀኝነት ዝም አልኩ።
“እዚያስ?” አለኝ።
“ዝናቡ ጥሩ ነው” አልኩት፣ “ለጤፉ።”
ጤፍ የለኝም። መሬትም የለኝ። ያሉኝ ሁለት ፍሪጆች ናቸው፣
አንደኛው የሰው፣ ሁለቱም ያረፉ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ በስድስት ሰዓት ላይ፣
ማንም ሳይጠራት ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ!
ፍራሽ በራሱ ላይ አድርጎ ሰፈሩ ፈሰሰ፣
ብርድ ልብሱ፣ በርበሬው፣ ሕፃኑ ወደ ደጅ ገሰገሰ፣
እማማ ጥሩአየሁ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ፣
ጉልበታቸውን አሰጡት፣ እንደ እህል፣ በእንቅቡ።
እኔም ያገሬን ልጅ ላቅፋት ሮጥኩ፣ እጄን ዘርግቼ፣
አምስት ደቂቃ ያህል ቆምኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።
ድንገት ከአጠገቤ አንድ ሰው፦ “ኡፍ! አናት ትበሳለች!” አለ።
ዞር ብዬ ፈለግሁት፣ ማን ነው እንዲህ የቀበጠ፣
ማንም የለም፤
ድምፁ የኔው ነበር።

ደመናው ሰማኝ መሰለኝ። መጣና ከደናት።
ፍራሹን ተሸክሞ ሰፈሩ በሙሉ ያየኛል፣ ሁሉም ባለበት።
አያ ስጦታው እንኳ፣ ከፍሪጁ ኋላ፣ አንገቱን አወጣ።
ጠብ ሲል የመጀመሪያው፣ እማማ ጥሩአየሁ ጉልበታቸውን ሸፈኑና
“እግረ ርጥብ!” አሉኝ።
ይህችኛዋ እንኳ
ምርቃት አትመስለኝም።